የጃጓር ሲ-ኤክስ75 መሰረዝ የፈሪ ውሳኔ አልነበረም፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጃጓር ሲ-ኤክስ75 የተጻፈ አንድ ረጅም ትችት አነበብኩ። ጸሐፊው የብሪታንያው መኪና አምራች ይህን ሃይብሪድ (በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ሱፐርካር በዲሴምበር 2012 መሰረዙን የፈሪ ውሳኔ አድርገው ያቀርቡታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክሳቸው በአምስት ነጥቦች ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፣ ኩባንያው በ2010 ፓሪስ ላይ ያሳየውን የጋዝ ተርባይን ትቶ ወደ ትንሽ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በመዞሩ ሐሳቡን ገና ከጅምሩ ገድሎታል ይላሉ። ሁለተኛ፣ መሐንዲሶቹ ቃል የገቡትን መኪና መሥራት ስላልቻሉ ነው የተሰረዘው ይላሉ። ሦስተኛ፣ የዓለም ኢኮኖሚ መዳከም ሰበብ ብቻ እንደነበረ፣ ለዚህም ማስረጃው ፖርሽ፣ ማክላረንና ፌራሪ በዚያው ዘመን ተመሳሳይ መኪኖች አውጥተው ሸጠው መጨረሳቸው እንደሆነ ይከራከራሉ። አራተኛ፣ ጥፋቱን በሕንዱ ባለቤት በታታ ላይ ይጥላሉ። በመጨረሻም ከፕሮጀክቱ የተረፈ ነገር እንደሌለና ቢያንስ መኪናው ስፔክተር በተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም እንደታየው ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ተገጥሞለት ለገበያ መቅረብ እንደነበረበት ጽፈዋል።

ከአምስቱ በአንዱ በከፊል እስማማለሁ፤ በቀሩት አልስማማም። ሲ-ኤክስ75ን ከልብ ከሚወዱት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ለደንበኛ ሳይደርስ መቅረቱም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነገር ግን የሚያስቆጨውን ነገር ጸሐፊው ያገኙት ከሌለበት ቦታ ነው ብዬ ስለማምን፣ ነጥባቸውን በተራ ልመልስ።

የተርባይኑን ጉዳይ አስቀድማለሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘለግ አድርጌ እመለከተዋለሁ። ፓሪስ ላይ የቀረበው ሲ-ኤክስ75 ጃጓር 75ኛ ዓመቱን ሲያከብር በኢያን ካለም የሚመራው የንድፍ ክፍል ያዘጋጀው የማሳያ መኪና ነበር። ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ፣ በድምሩ አራት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 145 ኪሎዋት ያመነጫል፤ አንድ ላይ ሲደመሩ 580 ኪሎዋት ወይም 780 የፈረስ ጉልበት ይሆናሉ። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ደግሞ ብላደን ጄትስ የተባለ የብሪታንያ ኩባንያ የሠራቸው ሁለት ትንንሽ ተርባይኖች ተቀምጠዋል። ተርባይኖቹ ጎማውን በቀጥታ አያዞሩም፤ በደቂቃ 80,000 ዙር እየተሽከረከሩ እያንዳንዳቸው 70 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ በማመንጨት 19.6 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ ይመግባሉ። መኪናው በባትሪ ብቻ 110 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ተርባይኖቹ ሲታከሉ ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ኩባንያው አስታውቆ ነበር።

ሐሳቡ ውብ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጸሐፊው እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢሆን ኖሮ ተርባይኑ የመኪናው ነፍስ ነበር ለማለት አይደፍሩም ነበር። አራቱ ሞተሮች በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ 580 ኪሎዋት ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ ተርባይኖች የሚሰጡት 140 ብቻ ነው። የቀረውን 440 ኪሎዋት ባትሪው መሸፈን አለበት። 19.6 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ፍጥነት ከተቀዳ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀር ቢወጣ እንኳ፣ በሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለነጂው የሚቀርለት ተርባይኖቹ የሚያመነጩት 140 ኪሎዋት፣ ማለትም 190 ያህል የፈረስ ጉልበት ነው። ማንም ሰው መንገድ ላይ ነዳጅ መስጫውን ለሦስት ደቂቃ ያለማቋረጥ ረግጦ እንደማይዝ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለአንድ ሱፐርካር የመወዳደሪያ ሜዳ ዋናው መፈተኛ ነው። እዚያ ጥቂት ዙር ከሄደ በኋላ ከአንድ የቤተሰብ መኪና ብዙም የማይበልጥ ጉልበት ይዞ የሚቀር መኪና በ900 ሺህ ፓውንድ ሊሸጥ አይችልም ነበር።

ሌላም አለ። የጋዝ ተርባይን ጥቂት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያሉት፣ ቀላልና የተለያየ ነዳጅ የሚቀበል ማሽን ነው፤ ነገር ግን መጠኑ ሲያንስ ነዳጅን ወደ ጉልበት የመለወጥ ብቃቱም ይቀንሳል፤ ምክንያቱም በመዘውሩ ምላጮች ጫፍና በቤቱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በዚያው ልክ ሊጠብ ስለማይችል አየሩ ሥራውን ሳይሠራ ያመልጣል። ከዚህ በተጨማሪ የሚያስወጣው አየር እጅግ የጋለ ነው። የመኪና አምራቾች ይህን ትምህርት ያገኙት ከሲ-ኤክስ75 ብዙ ዓመታት ቀድመው ነው። ሮቨር ጄት 1 የተባለችውን ባለ ተርባይን መኪና ያሳየው በ1950 ነበር፤ ክራይስለርም በ1960ዎቹ 50 ባለ ተርባይን መኪኖችን ለተራ ሰዎች አውሶ አስነድቶ፣ ሙከራው ሲያበቃ አብዛኞቹን አጥፍቷቸዋል። ጃጓር ተርባይኑን ጀነሬተር ብቻ በማድረጉ ከሁለቱ የተሻለ መንገድ መርጦ ነበር፤ ግን በ2011 እንዲህ ያለውን ተርባይን በብዛትና በአስተማማኝ ጥራት የሚያመርት ፋብሪካ አልነበረም።

በሜይ 2011 ጃጓር ከዊሊያምስ የፎርሙላ 1 ውድድር ቡድን ጋር ሆኖ መኪናውን ቢበዛ በ250 ቅጂ እንደሚያመርት ሲያስታውቅ ተርባይኑን በሌላ ሞተር የተካው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው ይህን ምትክ ትንሽ ሞተር እያሉ ያናንቁታል። 1.6 ሊትር ትንሽ ነው፤ እውነት ነው። ከእነዚህ 1.6 ሊትሮች የወጣው ጉልበት ግን 500 ያህል ፈረስ ነበር፤ ይህም ለአንድ ሊትር ከ300 በላይ ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ እስከ 10,000 ዙር ይደርሳል፤ ዝቅ ባለ ዙር ሱፐርቻርጀሩ፣ ከፍ ባለ ዙር ደግሞ ቱርቦው አየር ይነፋለታል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረውን መዘግየት የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ይሸፍኑታል። አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ በዚያን ጊዜ የፎርሙላ 1 ሕግ ለ2013 የውድድር ዘመን አጽድቆት የነበረው ሞተር ልክ እንዲህ ያለ ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ ነበር። ሕጉ ወደ ቪ6 የተቀየረውና ወደ 2014 የተገፋው ከጃጓር ማስታወቂያ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እንደ ማሽቆልቆል የቆጠሩት ምርጫ በዘመኑ የውድድር ምሕንድስና ሊሄድበት ያሰበው አቅጣጫ ነበር። ከማሳያ መኪናው ይልቅ ይህን ሁለተኛውን መኪና የምወደውም ለዚህ ነው። የፊተኛው ምኞት ነበር፤ የኋለኛው ግን ተሠርቷል።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደናል። መሐንዲሶቹ ስላልቻሉ ተሰረዘ የሚለው አባባል ከታወቀው እውነታ ጋር አይገጥምም። ከሜይ 2011 እስከ ዲሴምበር 2012 ባለው 19 ወር ውስጥ የጃጓርና የዊሊያምስ ሠራተኞች የካርቦን ፋይበር አካል፣ አዲስ ሞተር፣ አዲስ ባትሪና አዲስ ካምቢዮ ያለው መኪና ከዜሮ ተነስተው ሠርተዋል። ፕሮጀክቱ ከተሰረዘ በኋላም አምስት የሙከራ መኪኖች ተጠናቀው ሙከራቸው ቀጥሏል፤ በ2013 ጋዜጠኞች ተጋብዘው ነድተዋቸዋል። ለፊት ጎማዎች አንድ፣ ለኋላ ጎማዎች አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር የነበረው ይህ መኪና በድምሩ ከ850 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው፤ በባትሪ ብቻ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ጃጓር እንዳስታወቀው ቆሞ ተነስቶ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስድስት ሰከንድ አይፈጅበትም፤ የሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም በኪሎ ሜትር ከ89 ግራም በታች እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። የወቅቱ የጃጓር ዓለም አቀፍ የብራንድ ኃላፊ አድሪያን ሃልማርክ ስረዛውን ሲያስታውቁ መኪናውን መሥራት እንደሚቻል ተናግረው ነበር። የጠቀሱት ምክንያት በየአገሩ የቁጠባ እርምጃ በሚወሰድበት ወቅት ከ800 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ሱፐርካር ለገበያ ማቅረብ ጊዜው አለመሆኑን ነው። በእርግጥ የሙከራ መኪናና ለደንበኛ የሚሰጥ መኪና አንድ አይደሉም። የግጭት ፈተና አለ፤ የበረሃና የበረዶ ሙከራ አለ፤ ለብዙ ዓመት መለዋወጫ የማቅረብ ግዴታ አለ። ጸሐፊው ክርክራቸውን በዚህ ላይ አቁመው ቢሆን ኖሮ አዳምጣቸው ነበር። አልቻሉም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አምስቱን መኪኖች በገዛ እጃቸው ለሠሩት ሰዎችም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፋቸው ዋና ምሰሶ ነው፤ በከፊል የምስማማውም በዚሁ ነው። የኢኮኖሚው መዳከም ብቻውን ሙሉ ምክንያት እንዳልነበረ እኔም አምናለሁ። ጃጓር ላንድሮቨር በማርች 2012 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት ከግብር በፊት 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል አትርፏል፤ ድሃ ኩባንያ አልነበረም። ግሪክ በዚያው ወር ሁለተኛውን የብድር ጥቅል መቀበሏ፣ ስፔንም በጁን ለባንኮቿ እርዳታ መጠየቋ አውሮፓን ያስጨነቀ ጉዳይ ቢሆንም፣ ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ መኪና የሚገዛ ሰው ኪሱ በዚያ ምክንያት ብዙ አይጎዳም። ጃጓር ገንዘቡንና ሰዎቹን ለሌላ ሥራ እንደሚፈልጋቸው በግልጽ ቢናገርና በዚያ ላይ ቢያተኩር ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር አይነሳም ነበር።

ከዚህ በመነሳት ጸሐፊው የደረሱበት መደምደሚያ ግን አይከተልም። ፖርሽ 918 ስፓይደርን በ918 ቅጂ፣ ማክላረን ፒ1ን በ375፣ ፌራሪ ደግሞ ላፌራሪን በ499 አምርተው ሁሉንም ሸጠዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ቀን በሚታወቀው ነገር ነው። በዲሴምበር 2012 ከሦስቱ አንዱም ለደንበኛ አልደረሰም ነበር። ላፌራሪ ገና ለሕዝብ አልታየም፤ ጄኔቫ ላይ የታየው በማርች 2013 ነው። ፒ1 ለገዢዎች መድረስ የጀመረው በ2013 መጨረሻ ገደማ ነው። ፖርሽ 918ን ለመሸጥ ትእዛዝ መቀበል የጀመረው በማርች 2011 ሲሆን፣ የመጨረሻው መኪና መሸጡን ያስታወቀው በዲሴምበር 2014 ነው። እንደ ፖርሽ ያለ ስም ያለው ኩባንያ፣ ያውም ቀደም ሲል ካሬራ ጂቲ የተባለውን ሱፐርካር ያመረተ፣ ሸጦ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ይህ ዘገምተኛ ሽያጭ ሲ-ኤክስ75 ሊገባበት የነበረው ገበያ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

መኪኖቹም ተመሳሳይ አልነበሩም። ሦስቱ ተፎካካሪዎች ትልቅ ሞተር ላይ ትንሽ ባትሪ ጨመሩ። ላፌራሪ ባለ 6.3 ሊትር ቪ12 ሞተርና 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ባትሪ ነበረው፤ ፒ1 ባለ 3.8 ሊትር ቪ8ና 4.7 ኪሎዋት ሰዓት፤ 918 ደግሞ ባለ 4.6 ሊትር ቪ8ና 6.8 ኪሎዋት ሰዓት። ጃጓር ተቃራኒውን አደረገ፤ ሞተሩን ወደ 1.6 ሊትር አወረደ፣ ባትሪውን ወደ 19 ኪሎዋት ሰዓት ከፍ አደረገ። ከምሕንድስና አንጻር ከሦስቱ ይልቅ ወደፊት ያየው ጃጓር ነበር ብል አላፍርም። ነገር ግን በዚህ ዋጋ መኪና የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለሞተሩ ድምፅና ለሲሊንደሩ ቁጥር ጭምር ነው፤ አራት ሲሊንደር በአእምሮው ውስጥ የርካሽ መኪና ምልክት ነው። ፌራሪ ለአሥርት ዓመታት ያሳደገው የደንበኛ ዝርዝር አለው፤ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ማን ይገዛል የሚለውን የሚመርጠው ራሱ ነው። ጃጓር በ2012 በዓለም ዙሪያ የሸጠው መኪና 55 ሺህ እንኳ አልሞላም፤ ደንበኞቹም በአብዛኛው የተከበሩ የቢሮ ሰዎች የሚነዷቸውን ሴዳኖች የሚገዙ ነበሩ።

ሒሳቡን እንመልከተው። 250 መኪና እያንዳንዱ በ900 ሺህ ፓውንድ ቢሸጥ የሚገኘው ጠቅላላ ገቢ 225 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ከዚህ ላይ የማምረቻው ወጪ፣ የዊሊያምስ ድርሻ፣ የሙከራውና የሰነዱ ወጪ ይቀነሳል። በዚያው ጊዜ ኩባንያው በዎልቨርሃምፕተን እየገነባው የነበረው የሞተር ፋብሪካ ብቻውን 500 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ፈጅቶ በ2014 ተመርቋል። ጃጓር በወቅቱ የነበሩት ሞዴሎች በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፦ ኤክስኤፍ፣ ኤክስጄና ኤክስኬ። ኤፍ-ታይፕ በ2012 ፓሪስ ላይ ከታየ ገና ጥቂት ወራት ነበሩ፤ አነስተኛው ሴዳን ኤክስኢና የመጀመሪያው የጃጓር ኤስዩቪ ኤፍ-ፔስ ተሠርተው መውጣት ነበረባቸው። ኤፍ-ፔስ በ2016 ገበያ ገብቶ በኩባንያው ታሪክ በፍጥነት የተሸጠ መኪና ሆነ። ስለ ባትሪ፣ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ቀላል አካል የሚያውቁት መሐንዲሶች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ 250 ሰዎች ለሚነዱት መኪና የሚውል ሰዓት መቶ ሺዎች ከሚነዱት ላይ የሚቀነስ ሰዓት ነው።

አሁን ጸሐፊው አንድም ቦታ ያላነሱትን፣ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሆነውን ታሪክ ላንሳ። ጃጓር ሱፐርካር ቃል ገብቶ ያውቃል። በ1988 በበርሚንግሃም የመኪና ትርኢት ላይ ኤክስጄ220 የተባለውን መኪና ሲያሳይ ቪ12 ሞተር ያለውና በአራቱም ጎማዎች የሚነዳ ነበር። ያዩት ሰዎች ተሻሙበት፤ ከሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ፓውንድ ቀብድ እንደከፈሉ ይነገራል። መኪናው በ1992 ለገዢዎች ሲቀርብ ግን ቪ12ቱ የለም፤ በቦታው ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ገብቷል። በአራት ጎማ መነዳቱም ቀርቶ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ ይሄዳል። ዋጋውም በውሉ መሠረት ከዋጋ ንረት ጋር እያደገ ሄዶ 470 ሺህ ፓውንድ ደርሷል። በመካከሉ ብሪታንያ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ገብታለች። ብዙ ገዢዎች ከውሉ ለመውጣት ፈለጉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ 350 መኪና ለመሥራት የታሰበው ሁሉ ከ300 በታች ላይ ቆመ። መኪናው ራሱ ድንቅ ነበር፤ በዘመኑ ከዓለም ፈጣኖች አንዱ ነው። ኩባንያው ከደንበኞቹ ጋር ፍርድ ቤት የቆመበት መኪና ሆኖ መታወሱ ግን አልቀረም።

በዲሴምበር 2012 ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ይህን ታሪክ ያውቁ ነበር። የፊታቸው ሁኔታም ተመሳሳይ ነበር። በሜይ 2011 የተነገረው ዋጋ ከ700 ሺህ እስከ 900 ሺህ ፓውንድ ነበር፤ በስረዛው ቀን ሃልማርክ የጠቀሱት ከ800 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ነው። በ19 ወር ውስጥ የመነሻው ዋጋም የመጨረሻውም በመቶ ሺህ ፓውንድ ከፍ ብሏል። ኢኮኖሚው ደካማ፣ ዋጋው እያደገ፣ የገዢው ስሜት የማይታወቅ። ከዚህ በኋላ መቀጠልን ድፍረት፣ ማቆምን ፍርሃት ብሎ መጥራት የኤክስጄ220ን ዘመን እንደገና እንዲኖሩት መጠየቅ ነው። ሰዎች የመኪናቸውን መድረስ እየጠበቁ የሚሊዮን ፓውንድ ውል በእጃቸው ከያዙ በኋላ ከመሰረዝ፣ ከዚያ በፊት መሰረዝ ይሻላል፤ ሐሳቡን እየሸራረፉ ከማስረከብ ደግሞ ሁለቱም ይሻላሉ።

ታታን በተመለከተ ረጅም መልስ አያስፈልግም። ታታ ሞተርስ ጃጓርንና ላንድሮቨርን በ2008 ከፎርድ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር የገዛው የዓለም የገንዘብ ቀውስ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱን ብራንዶች ከመሸጥ ወይም ከመቁረጥ ይልቅ አዳዲስ ሞዴሎችና ከላይ የጠቀስኩት የሞተር ፋብሪካ እንዲኖራቸው ገንዘብ አውጥቷል። ሲ-ኤክስ75ም ፓሪስ ላይ የታየው፣ እንዲመረትም የተፈቀደው በታታ ባለቤትነት ዘመን ነው።  ስለ ባለቤቱ ዜግነት የቀረበውን ሐሳብ ከዚህ በላይ ልከራከርበት አልፈልግም።

ወደ መጨረሻው ነጥብ እንምጣ። የተረፈ ነገር የለም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ ነገር ግን የተረፈውን ለማጋነንም አልፈልግም። ዊሊያምስ ከጃጓር ጋር በሠራበት ክፍሉ የባትሪ እውቀቱን አዳብሮ ፎርሙላ ኢ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪኖች ውድድር በ2014 ሲጀመር ለአራት የውድድር ዘመናት ለሁሉም መኪኖች ባትሪ ያቀረበ እርሱ ነበር። ጃጓር በ2016 ወደ ፎርሙላ ኢ ሲገባም አጋሩ ያደረገው ይህንኑ ዊሊያምስን ነው። ለሲ-ኤክስ75 ስስና ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ያቀረበው በኦክስፎርድ አካባቢ የሚገኘው ያሳ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነበር፤ በ2021 መርሴዲስ-ቤንዝ ሙሉ በሙሉ ገዝቶታል። ጃጓር በ2018 ያወጣው አይ-ፔስ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አንድ ሞተር ለፊት፣ አንድ ሞተር ለኋላ ያለው ሲሆን በ2019 የአውሮፓም የዓለምም የዓመቱ መኪና ተብሏል። አይ-ፔስ የሲ-ኤክስ75 ቀጥተኛ ልጅ ነው አልልም። ሁለቱን የለዩት ዓመታት ብዙ ናቸው፣ ዓላማቸውም የተለያየ ነው። በዚያ የሙከራ ሜዳ ስለ ባትሪ ሙቀትና በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ስለሚከፋፈል ኃይል የተማሩ ሰዎች ግን እውቀታቸውን ጥለው አልሄዱም።

እኔን የሚቆጨኝ ሞተሩ ነው። በደቂቃ 10,000 ዙር የሚዞረው፣ ከ1.6 ሊትር 500 ፈረስ የሚያወጣው ሞተር ወደ መደበኛ ምርት አልገባም። ጃጓር በ2014 በዎልቨርሃምፕተን ማምረት የጀመራቸው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች መጀመሪያ ናፍጣ ነበሩ፤ የሁሉም ዓላማ ቁጠባና ብዛት ነው። ያንን ሞተር ጉልበቱን በግማሽ ቀንሶ፣ ዙሩንም አውርዶ፣ ለኤፍ-ታይፕ ተስማሚ አድርጎ ማስቀረት አይቻልም ነበር? ጸሐፊው ይህን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። ሱፐርካሩን መሰረዝና በውስጡ የተገኘውን ምርጥ ነገር መተው ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ጃጓር የፊተኛውን በትክክል ወሰነ፣ የኋለኛውን ግን ተሳሳተ።

ጸሐፊው ለዚህ ሁሉ ያቀረቡት መፍትሔ ቪ8 መግጠም ነው። በ2015 በታየው በዚያ ፊልም ላይ በሮም መንገዶች ሲበሩ ያየናቸው ሲ-ኤክስ75ዎች ለትርኢት ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩ ያው መኪና ቢመስሉም ከሥር ያለው ከብረት ቱቦ የተበየደ ሻሲና ሱፐርቻርጀር ያለው ባለ 5 ሊትር ቪ8 ነው። የካርቦን ፋይበሩ አካል፣ 19 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ፣ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች በውስጣቸው የሉም። ለዝላይና ለመንሸራተት የተዘጋጁ ስለሆኑ በዚያ ሥራ ላይ ጥሩ ናቸው። ያንን ለደንበኛ ሲ-ኤክስ75 ብሎ መሸጥ ግን፣ በባትሪ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በኪሎ ሜትር ከ89 ግራም በታች ይለቃል ተብሎ ለተነገረው ሰው፣ ልክ በ1992 ቪ12 ጠብቆ ቪ6 እንደቀረበለት ሰው፣ ሌላ መኪና በዚያው ስም ማስረከብ ነበር።